ማሲንቆውና ቫልቩ፦ ስለ ሊድ ጊታር ድምፅ ታሪክና አቃኛኘት

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ አለው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የእንጨቱ፣ የቆዳውና የጅማቱ ታሪክ ነው። ማን ጠረበው? መቼ ተወጠረ? ከየትኛው አገር መጣ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከመሣሪያው ታሪክ ጎን ለጎን የሚጓዝ፣ እምብዛም ያልተጻፈ ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም የጆሮ ታሪክ ነው። አንድ ኅብረተሰብ ከብዙ ድምፆች መካከል የትኛውን መርጦ «ይህ የእኔ ነው» እንዳለ፣ የትኛውንስ «ይህ ጩኸት ነው» ብሎ እንደ ገፋው የሚናገር ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያ፣ በተለይም ባለ ቫልቩ አምፕሊፋየር፣ የዚህ የጆሮ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው።

ነገሩን በቁም ነገር እንዳስብበት ያደረገችኝ ሰቆጣ ናት። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተራራና በገደል ተከባ የምትገኝ፣ አሞሌ ጨው ከቆላ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ሲጓዝ ያርፍባት የነበረች የጥንት ገበያ ናት። የዋግሹሞች መቀመጫ እንደ መሆኗም በታሪካችን ውስጥ ሰፊ ስፍራ አላት። እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ የዚህ ምድር ሰው ነበሩ። ሕዝቧ ከአማርኛ ጋር ኽምጣኛን፣ ማለትም ከአገው ቋንቋዎች አንዱን ይናገራል።

በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አንዲት አጭር ተውኔት ይዤ ወደዚያው ተጉዤ ነበር። ከተውኔቱ በፊት የሙዚቃ ዝግጅት ነበረ። በመድረኩ ላይ በኽምጣኛ የምትዘፍን አንዲት ወጣት፣ አንድ ባለማሲንቆ አዛውንት፣ ከበሮ መቺ፣ እንዲሁም ከሌላ ከተማ የመጣ ሊድ ጊታር ተጫዋች ተሰልፈዋል። ጊታር ተጫዋቹ ይዞት የመጣው አምፕሊፋየር አሮጌ ባለ ቫልቭ ነበር። ጀርባው ክፍት በመሆኑ በውስጡ የተደረደሩት የመስተዋት ብልቃጦች እንደ ፍም ሲቀሉ ከአዳራሹ ጎን ለተቀመጥነው ይታዩን ነበር።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። ጊታሩ ገና ሁለት ሐረግ ሳይጫወት የዘፋኟ ቃላት ጠፉ። ዜማዋ ይሰማል፤ ቃሏ ግን አይለይም። የአዛውንቱ ደጋን ወዲያና ወዲህ ሲል ይታያል፤ የማሲንቆው ድምፅ ግን የለም። አዛውንቱ ጥቂት ታገሡና ማሲንቆአቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ዝም አሉ። በአዳራሹ የነበርን ሁሉ አየን። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ መምህር ዘመናዊ መሣሪያና ባህላዊ መሣሪያ በአንድ መድረክ ላይ አይስማሙም ሲሉ ፈረዱ። ፍርዱ አዲስ አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንለው ነው። በበኩሌ ግን በዚያው ምሽት ሌላም ነገር ስላየሁ አልቀበለውም። ያን ለመናገር አስቀድሞ የመሣሪያውን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል።

ድምፅ ከመጉላቱ በፊት

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ድምፃቸውን የሚያጎላ ምንም የኤሌክትሪክ መሣሪያ አልነበረም። የዚያ ዘመን ቀረጻ የሚከናወነው በጡሩምባ መሰል ማሰባሰቢያ ፊት ቆሞ በመጮኽ ነበር። የድምፁ ኃይል ራሱ መርፌውን ያንቀሳቅሳል፤ መርፌውም ሰሙን ይፍቃል። በመሆኑም ለስላሳ ድምፅ ያለው ዘፋኝ፣ ቀጭን ድምፅ ያለውም መሣሪያ፣ ከዚያ ጡሩምባ ፊት ሲቆም ይጎዳ ነበር።

ይህን የለወጠው ቫልቭ ነው። አሜሪካኖች ቱቦ፣ እንግሊዞች ቫልቭ ይሉታል። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ሦስት ክፍል ያለውን ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ1906 ሠራ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። አየሩ በተመጠጠ የመስተዋት ብልቃጥ ውስጥ አንድ ብረት ይግላል፤ ከጋለው ብረት ኤሌክትሮኖች ይፈልቃሉ፤ በከፍተኛ ቮልት ወደተያዘው ሌላ ብረት ይፈስሳሉ። በመካከላቸው እንደ ወንፊት ያለ ስስ ሽቦ አለ። በዚህ ወንፊት ላይ የሚያርፈው ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የታላቁን ፍሰት መጠን እንደ ቧንቧ መክፈቻ ያሰፋል፣ ያጠብባል። እንግሊዝኛው ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። የጣት ጥፍር የሚያህል ኃይል የበሬ ጉልበትን እንዲያዝዝ ሆነ ማለት ነው።

ጊታር ይህን ኃይል የተጋራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዳንስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ጊታር በሳክስፎንና በትራምፔት ይዋጥ ስለ ነበር ከብረት ጅማቱ ሥር ማግኔት ተደረገለት፤ ማግኔቱም በሽቦ ተጠምጥሞ ከባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ጋር ተያያዘ። የሠሪዎቹ ዓላማ አንድ ብቻ ነበር፦ ጊታሩን ሳይለውጡ ማጉላት። ነገሩ ግን እንደ ታሰበው አልቀረም።

እንከን የነበረው ውበት ሲሆን

ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁን ያሻክራል። ለመሐንዲሶች ይህ እንከን ነበር፤ ለማጥፋትም ብዙ ደክመዋል። የሙዚቃ ሰዎች ግን በእንከኑ ውስጥ አንድ ነገር ሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ የተቀረጸው «ሮኬት 88» የተባለ ዘፈን የጊታሩ ሻካራ ድምፅ የመጣው በጉዞ ላይ ከተጎዳ አምፕሊፋየር እንደ ሆነ ይነገራል። ሊንክ ሬይ የተባለው ጊታር ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1958 ለወጣው ሥራው የማጉያውን ወረቀት ሆን ብሎ ቀዳደደ። እንግሊዛዊው ዴቭ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1964 በምላጭ ተለተለው። ከድንገተኛ ብልሽት ወደ ታሰበበት ብልሽት፣ ከዚያም ብልሽትነቱ ወደ ተረሳ ድምፅ የተደረገው ጉዞ ዐሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ፈጀ።

በዚሁ ዘመን ሦስት የአምፕሊፋየር ወገኖች ተለይተው ወጡ። የአሜሪካው ፌንደር 6ኤል6 የተባለውን ትልቅ ቫልቭ ይዞ ጥርት ያለ፣ ሰፊና የሚያበራ ድምፅ ሰጠ። የእንግሊዙ ቮክስ ባለ 30 ዋት በአነስተኛው ኢኤል84 ቫልቭ ቶሎ የሚሰበርና እንደ ደወል የሚያቃጭል ድምፅ አስገኘ። ሌላው እንግሊዛዊ ጂም ማርሻል በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፌንደርን የቤዝ አምፕሊፋየር ንድፍ መነሻ አድርጎ ሠራ፤ በኋላም ኢኤል34 ቫልቭን ሲይዝ መሐሉ የጎላ፣ ወፈር ያለና የሚያጓራ ድምፅ አወጣ። ሊድ ጊታር የሚጫወት ሰው እስከ ዛሬ ድረስ አምፕሊፋየር ሲመርጥ፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ፣ ከእነዚህ ሦስት ወገኖች አንዱን ይመርጣል።

ጊታር ከክራር ወገን ወደ ማሲንቆ ወገን

ለመሆኑ በሻካራው ድምፅ ውስጥ የተሰማው ነገር ምን ነበር? እዚህ ላይ ከአገራችን መሣሪያዎች ብንነሣ ነገሩ ከማንኛውም የመሐንዲስ መጽሐፍ ይልቅ ይገለጣል።

ክራር በጣት ወይም በመምቻ ይመታል። ድምፁ በተመታበት ቅጽበት ይፈነዳና ወዲያው መሞት ይጀምራል። ማሲንቆ ግን በደጋን ይገዘገዛል። ደጋኑ እስከ ተሳበ ድረስ ድምፁ ይኖራል፤ ሊያድግ፣ ሊቀንስ፣ እንደ ሰው ድምፅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የመጀመሪያው መሣሪያ ይናገራል፤ ሁለተኛው ያለቅሳል፣ ያዜማል። ተራው ጊታር ያለ ጥርጥር የክራር ወገን ነው።

ባለ ቫልቩ አምፕሊፋየር ከአቅሙ ጫፍ ሲደርስ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የድምፁን ማዕበል ጫፍ በለዘብታ ይከረክማል፤ ከዚህም የተነሣ ከዋናው ድምፅ በላይ አዳዲስ ተደራቢ ድምፆች ይወለዳሉ። ሁለተኛ፣ የጅማቱ ምት ኃይለኛ ሲሆን ይገታዋል፤ ምቱ እየደከመ ሲሄድ ግን ገደቡን ስለሚለቅቅለት ድምፁ የደከመ አይመስልም። በመሆኑም ሊሞት የነበረው ድምፅ ይራዘማል። በሌላ አነጋገር ቫልቩ ለጊታር የማይታይ ደጋን አበጀለት፤ ከክራር ወገን አውጥቶም ወደ ማሲንቆ ወገን አሻገረው። የሊድ ጊታር ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው።

ሻካራነቱስ? ይህም ለደጋው ጆሮ እንግዳ አልነበረም። የበገናን አሠራር የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው በጅማቱና በጅማቱ መደገፊያ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል። እንዚራ የሚያደርገው ጥርት ብሎ ሊወጣ የነበረውን ድምፅ መንዘርና መጎርነን ነው። አባቶች በገናን ጥርት አድርገው ማሰማት ሳይቸግራቸው እንዲነዝር መረጡ። የማሲንቆው ደጋን ሙጫ የሚቀባው የፈረስ ጭራ ከፈረስ ጭራ ጋር ሲፋተግ እንዲይዝና እንዲሻክር ነው። ሸላይም ጉሮሮውን ሆን ብሎ ያጎረንናል። እንግዲህ ጥሩ ድምፅ ማለት እንከን የለሽ ድምፅ ነው የሚለው አስተሳሰብ የእኛ ሙዚቃ አስተሳሰብ ሆኖ አያውቅም። ቫልቩ ሲመጣ በጆሮአችን ውስጥ የተዘጋጀ ቤት አገኘ።

በአዲስ አበባ የተወሰደው እርምጃ

የዘመናዊ ሙዚቃችን የመጀመሪያ ዕድሜ የነሐስ ዕድሜ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባዎችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያስፋፉት የማርሽ ባንድ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ እንዲሁም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ዋና ኃይላቸው ትራምፔትና ሳክስፎን ነበር። በእነዚህ ውስጥ ጊታር በአብዛኛው ምት ጠባቂ ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አነስተኛ የግል ባንዶች በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ሲቋቋሙ ነው። አምሃ እሸቴ የሸክላ ኅትመትን የመንግሥት ሞኖፖል ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከመቶ የሚበልጡ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች አወጣ። ዐሥራ አምስትና ሃያ ሰው ይይዝ የነበረው ኦርኬስትራ ወደ ስድስትና ሰባት ሰው ሲወርድ የነሐሱን ክፍተት መሙላት የነበረባቸው ኦርጋኑና ጊታሩ ሆኑ። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ብሎ ትንፋሹን ሲወስድ ማን ይመልስለት? በአዝማሪ ቤት ይህ የማሲንቆው ሥራ ነበር። በከተማው ባንድ ውስጥ ሥራው በከፊል ለሊድ ጊታር ደረሰ።

ይህን ለማረጋገጥ ሥራዎቹን ማዳመጥ ይበቃል። ማህሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው «ኤሬ መላ መላ» አለ። ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው «ቼ በለው» አለ፤ በዚያ ጊታሩን የያዘው ማህሙድ አማን ነው። የአይቤክስና በኋላም የሮሃ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሰላም ስዩም ታሪክን በዩኒቨርሲቲ ያጠና፣ ስለ ዘፈናችን አመጣጥም የጻፈ ሰው ነው። ሮሃ ባንድ በካሴት ዘመን ከሁለት መቶ በላይ አልበሞችን እንዳጀበ ይታወቃል። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ሊዱ ኃይሉን ለማሳየት አይሮጥም። የዘፋኙን ዜማ በአንድ ጅማት ላይ ይከተላል፣ ጌጡን ይደግማል፣ ጅማቱን ገፍቶ በሁለት ድምፅ መካከል ያለውን ድምፅ ይፈልጋል፤ ከዚያም ይተወዋል። ይህ የአዝማሪ ጠባይ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ቀላል፣ ርካሽና የማይሰበር በመሆኑ ቫልቩን እየተካ ሄደ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ኪቦርድ የጊታሩንም የነሐሱንም ቦታ ያዘ። ቫልቩ በየአዳራሹ ጓዳ አቧራ ለበሰ። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር አዘል መሣሪያዎች የቫልቩን ድምፅ አስመስለው ያወጣሉ። ነገሩ የሚያስገርም ነው፤ መሐንዲሶች በአንድ ወቅት ሊያጠፉት የደከሙበትን እንከን ልጆቻቸው መልሰው ሊቀዱት ይደክማሉ።

ስለ ምርጫው

ታሪኩ ይህ ከሆነ ምርጫውና አቃኛኘቱ ከዚሁ ይከተላል። የሚከተለውን የምጽፈው ለኪነት ቡድን ኃላፊዎች፣ ለሙዚቃ መምህራንና ለወጣት ጊታር ተጫዋቾች ነው።

በመጀመሪያ ስለ መጠን። ትልቅ አምፕሊፋየር የተሻለ ነው የሚለው እምነት መሠረት የለውም። ለሰው ጆሮ ባለ 100 ዋት ከባለ 10 ዋት የሚጎላው እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ባለ 100 ዋት ቫልቭ የሚያለቅሰው ከአቅሙ ጫፍ ሲደርስ ስለ ሆነ፣ እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ በትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሌላ የሚሰማ ነገር አይኖርም። ሦስት መቶ ሰው ለሚይዝ አዳራሽ ከ15 እስከ 30 ዋት ያለው ይበቃል። አዳራሹ ሰፊ ከሆነ ማይክሮፎን ከፊቱ ይደረግለታል።

ሁለተኛ ስለ ማጉያው። ለጊታር የሚሠራው ባለ 12 ኢንች ድምፅ ማጉያ ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በአብዛኛው አያወጣም። ይህ ጉድለቱ ሳይሆን ጥቅሙ ነው፤ የቫልቩን ሻካራነት ሹል ጫፍ የሚያለዝበው እርሱ ነው። ስለዚህ ለንግግርና ለዘፈን የተሠራ ማጉያ ላይ የተሻከረ ጊታር ቢገናኝ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ይወጣል።

ሦስተኛ ስለ መብራት። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ አምፕሊፋየር በ117 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ግን 220 ነው። ሳይመረመር ከተሰካ በቅጽበት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ተስማሚ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። በወረዳ ከተሞች ማታ ማታ መብራት ሲደክም ቫልቩም ይደክማል፤ ቶሎ ይሰበራል፣ ድምፁም ለዘብ ይላል። አንዳንድ የውጭ አገር ጊታር ተጫዋቾች ይህንኑ ድምፅ ፈልገው ቮልቱን ሆን ብለው ይቀንሱ ነበር። እኛ ሳንፈልገው ስለምናገኘው ቢያንስ እናስተውለው፦ ቀን የተስተካከለ አምፕሊፋየር ማታ ሌላ ነው፤ ከዝግጅቱ በፊት ደግሞ መስተካከል አለበት። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ቫልቩን የማቀዝቀዝ ኃይሉ ከቆላው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የመሣሪያው ጀርባ ከግድግዳ ወይም ከመጋረጃ ጋር አይጠጋ።

አራተኛ ስለ ጥንቃቄ። በባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ ከ400 ቮልት የሚበልጥ ኃይል ሊኖር ይችላል፤ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ተጠራቅሞ ይቆያል። የሰው ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ውስጡን የሚነካው ሥራውን የተማረ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ብቻ መሆን አለበት። ለተጫዋቹ ፊት ለፊት ያሉት ቁልፎች ይበቁታል።

ስለ አቃኛኘቱ

ከቁልፎቹ መጀመሪያ የሚነካው ድምፅ ማጉያው ነው። በእርጋታ ሲመታ ጥርት ብሎ፣ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ የሚሻክርበት አንድ ቦታ አለ፤ የሚፈለገው ያ ቦታ ነው። ከዚያ ካለፈ እርጋታውም ቁጣውም አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል፤ ተጫዋቹም የጣቱን ቋንቋ ያጣል። ቦታው ከተገኘ በኋላ ድምፁን ማሳነስና ማጉላት የሚያስፈልገው በጊታሩ ላይ ባለው ቁልፍ ነው።

ቀጥሎ ባሱ ይቀነሳል። ወፍራም ድምፅ ሲሻክር ይጨቀያል፤ ከዚህም በላይ የታችኛው ክፍል የከበሮው ርስት ነው። መሐሉ ከፍ ይደረጋል፤ ማሲንቆም የሰው ድምፅም የሚኖሩት እዚያ ነውና ጊታሩ ዘመዶቹን ያገኛል።

ዋናው ፍርድ ያለው ግን በላይኛው ቁልፍ፣ በትሬብሉ ላይ ነው። የሰው ጆሮ ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ኸርዝ ያለውን ድምፅ ከሌላው ሁሉ አስበልጦ ይሰማል። የንግግር ተናባቢ ፊደላት፣ ቃልን ከቃል የሚለዩት ድምፆች፣ በብዛት የሚገኙት በዚሁ ስፍራ ነው። የጊታር ማጉያም ከፍ ብሎ የሚጮኸው እዚሁ ላይ ነው። ትሬብሉ ከመጠን በላይ የተከፈተ ጊታር እንግዲህ የዘፋኙን ዜማ ሳይሆን በመጀመሪያ ቃሉን ይገድላል። በሰቆጣው አዳራሽ ዜማው እየተሰማ ቃሉ የጠፋበት ምክንያት ይኸው ነበር።

አንድ የቅኝት ነገርም አለ። የተሻከረ አምፕሊፋየር ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲቀበል ሁለቱን ብቻ አያወጣም፤ የሁለቱን ድምርና ልዩነትም ይወልዳል። ስምንተኛና አምስተኛ እርቀት ያላቸው ድምፆች ይህን ይችሉታል። ጠባብ እርቀት ያላቸው ግን ይረበሻሉ። አንቺሆዬ በውስጡ በግማሽ እርምጃ የተቀራረቡ ድምፆች ስላሉት በተሻከረ ጊታር ላይ አብረው ሲመቱ ሁከት ነው የሚሆነው። መፍትሔው ከማሲንቆ መማር ነው። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ያም ሆኖ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ይጫወታል። ሊዱም በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ይበለው።

በሰቆጣ ሁለተኛው ዘፈን

አሁን ወደዚያ ምሽት ልመለስ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያበቃ ጭብጨባው የይሉኝታ ነበር። ወጣቱ ጊታር ተጫዋች የአዛውንቱን ዝምታ አይቶ ኖሮ ጊታሩን አስቀምጦ ወደ እርሳቸው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎም አንድ ነገር ጠየቃቸው። ማሲንቆአቸውን አንሥተው የአንዲቱን ዜማ መጀመሪያ ብቻቸውን ተጫወቱ። እርሱ ተመልሶ ያንኑ ዜማ በጊታሩ ሞከረ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየቀነሰ ደገመ። አሁንም ነቀነቁ። ትሬብሉን ከግማሽ በታች ሲያወርደው፣ ማጉያውንም ከተመልካቹ መልሶ ወደ መድረኩ ጎን ሲያዞረው፣ በእጃቸው «በቃ» የሚል ምልክት ሰጡ። መላው ነገር ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም።

ሁለተኛው ዘፈን ሲጀመር የዘፋኟ ኽምጣኛ ቃል በቃል ተሰማ። ቋንቋውን ለማናውቀው እንኳ ጉሮሮ ውስጥ የሚፋተገው «ኽ» ተለይቶ ይሰማ ነበር። ማሲንቆው ከሥሯ ይሄዳል። እርሷ ትንፋሽ ስትወስድ ጊታሩ የማሲንቆውን ዜማ ተቀብሎ፣ ሻክሮና ተራዝሞ፣ እንደ ታላቅ ወንድም ድምፅ ይመልስላታል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች የዘፈኑን ቃል እየተቀበሉ ሲሉ ሰማሁ፤ በመጀመሪያው ዘፈን ሊሉት አልቻሉም ነበር፣ አልሰሙትምና። አጠገቤ የነበሩት መምህርም ፍርዳቸውን አላነሡም፣ ነገር ግን ያጨበጭቡ ነበር።

መሣሪያዎቹ ያው ነበሩ። አዳራሹም ሰዎቹም ያው ነበሩ። የተለወጠው ማን ማንን እንደሚያዳምጥ ብቻ ነው።

ነገሩን ማቃለል አይገባም። ኽምጣኛ ተናጋሪው ብዙ ያልሆነ፣ የተጻፈለትም ጥቂት የሆነ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለ ቋንቋ ከትውልድ ወደ ትውልድ ከሚተላለፍባቸው ጎዳናዎች አንዱ ዘፈን ነው። በመድረክ ላይ ያለች ወጣት ቃሏ ካልተሰማ በአዳራሹ የተቀመጠው ሕፃን የሚወርሰው ዜማውን ብቻ ነው። አንድ ቁልፍ ከመጠን በላይ በመዞሩ የሚጠፋው ነገር ይህን ያህል ነው። በጦርነቱ ወራት ዋግ ከመብራት ተለይታ በቆየችበት ጊዜ አምፕሊፋየሩ ሁሉ ዲዳ ሆኖ ነበር፤ ማሲንቆው ግን መብራት አይጠይቅም። ይህም የትኛው ለየትኛው ባለዕዳ እንደ ሆነ ያስታውሰናል።

ስለሆነም ለኪነት ቡድኖች ኃላፊዎችና ለመምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ጊታር ያለበት ልምምድ ሲደረግ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ የሚያስተካክለው ተጫዋቹ ብቻውን አይሁን፤ ባለማሲንቆው ፊት ለፊት ይቀመጡ፣ ዘፋኟም ከአዳራሹ መጨረሻ ቃሏ ይሰማ እንደ ሆነ አንድ ሰው ያዳምጥላት። የተገኘው አቃኛኘት በደብተር ይጻፍ፤ የቁልፎቹ ቁጥር፣ የአዳራሹ ስፋት፣ የዘፈኑ ቅኝት ይመዝገብ። በየጓዳው አቧራ የለበሱት አሮጌ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየሮችም እንደ ቆሻሻ ከመጣላቸው በፊት በባለሙያ ይታዩ። የጆሮ ታሪካችን ሰነዶች ናቸውና።